ሰው የማይሞትበት ደሴት

ሰኔ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዛሬም የሱቄ ፎቶኮፒ ማሽን ወረቀት በላች፤ ሚኪያስን አስጠራሁት። ሚኪያስ ከመናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግነው የደሴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ማሽኗ ወረቀት መብላት አብዝታለች፤ ምን እንደበደልኳት እንጃ። ጠግኖ ሲጨርስ ከኪሱ ሲዲ አወጣና ኮምፒውተሬ ውስጥ ከተተው።

«የባሕር ወንበዴ ጨዋታ ነው» አለኝ።

ድምፅህን ቀንስ አልኩት። ቆቦ ውስጥ ወንበዴ የሚለው ቃል ዝም ብሎ ከአፍ አይወጣም። አባቴ በደርግ ጊዜ በዚህች ቃል ተጠርጥሮ ቤታችን እንዴት እንደተፈተሸ እናቴ እስክትሞት ስታወራው ነበር። እሺ፣ የባሕር ሽፍታ እንበለው አለ። በሽፍታ ተስማማን። ሽፍታ ቢያንስ የሚዘፈንለት ነው።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ፈተና የሚያባዛ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ የለም። ትንሽ እንይ ብለን ተቀመጥን። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ስለምታርፍ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ለዚያ ብቻ ነው።

ሰኔ 28

ስለዚህ ጨዋታ ልጻፍ፤ ለሰው ብነግረው አበደች ይለኛል።

አንድ ወጥ ሠሪ ነው። ወጥ አሳርሮ ከመርከብ ተባረረና ከዛሬ ጀምሮ ሽፍታ ነኝ ብሎ አንድ ደሴት ላይ ወረደ። ያለው አንድ ጭልፋ ነው። መተኮስ የለም፣ መሯሯጥ የለም፣ የሚያጣድፍ ሰዓት የለም። አንድ ቦታ ታያለህ፣ ያማረህን ነገር ጠቅ ታደርጋለህ፣ ወጥ ሠሪው ሄዶ ያየውና ያሰበውን ይነግርሃል። የተጣለ ገመድ፣ የዓሣ አጥንት፣ የተሰበረ ሳህን፣ ሁሉንም ኪሱ ይከትታል። ያ ኪስ ምን ዓይነት ኪስ እንደሆነ አላህ ይወቀው። የማይረባ ዕቃ የለም። የዓሣ አጥንቷ በማግስቱ የወህኒ ቤት ቁልፍ ሆና ቁጭ ትላለች! ወደቡን የሚጠብቀውን ሰውዬ ያለፍነው ቃሪያ የበዛበት ሾርባ አጠጥተነው፣ ውሃ ፍለጋ ሲሮጥ ነው። የቃሪያውን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሚኪያስ «የራያ ልጅ» ብሎ አጨበጨበልኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ንግግሩን ነው። ሰው ሲያናግረው ከታች አራት ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ትመርጣለህ። ሳይነገር በፊት ታየዋለህ ማለት ነው። ከተሳሳትክም ሰውየው ይቆጣል፣ ትንሽ ቆይተህ ስትመለስ እነዚያው አራቱ ይጠብቁሃል።

ደግሞ ሰው አይሞትም። ዛሬ ወጥ ሠሪው ከገደል ወደቀ፤ ጮኼ የሚኪያስን ክንድ ያዝኩ። ወዲያው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣና ስለ ኮፍያው ማማረር ጀመረ። ሚኪያስ እዚህ ማንም አይሞትም አለኝ።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሌ ካሊድ ውሃ ቆፋሪ ነው፤ ባሕርማ እሱም አላየም።

ሐምሌ 3

ዝናብ የለም። ማሽላው ቁመቱ ጉልበት ሳይደርስ ጫፉ መቃጠል ጀምሯል። ካሊድና ጓደኛው ካሳ ሥራ ፈትተው ሰነበቱ፤ ማሽላው እየደረቀ ማን ገበሬ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ካሊድ ቤት ሲገባ አይናገርም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን የሚውል ሰው ወሬ ከየት ያመጣል።

የደሴቱ ስሞች አልያዝ አሉኝ፤ ፈረንጅኛ ናቸው። ስለዚህ ካርታ ሳልንና በራሳችን አካባቢ ስሞች ሰየምነው። ወንዙን ሆርማት አልነው። ምሽጉን ሮቢት። አጭበርባሪ ነጋዴዎች ያሉበትን መንደር ጎብዬ አልኩት፤ ጎብዬዎች ይቅር ይበሉኝ። ሀብቱ የተቀበረው ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው፤ «ሾላው» ብሎ ሚኪያስ ጻፈበትና መስቀል ምልክት አደረገ። ዙሪያውን ማዕበል ሳለ። ሻይ ደፋበት፤ ካኪ ወረቀት ስለነበረ የድሮ መሰለ። እንዲያውም አማረበት።

ሐምሌ 6

ማሚቴ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ ከመርፌ ይሾላል። ዛሬ ስዘጋ «ሀጀራ፣ ማሽንሽ ስትጠገን እንዲህ የሚያሳቅ ከሆነ የኔንም ሲንጀር ላምጣው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ቤት እስክደርስ ጆሮዬ ሲግል ነበር። ምን አጠፋሁ? ጨዋታ ነው።

ሐምሌ 9

ካሊድ የሱቁን ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈተ። ካርታውን አወጣና ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«ይሄ ምንድነው ሀጁ?»

በጨዋታው ቢሆን ከታች ይመጣልኝ ነበር። አንደኛ፦ የጨዋታ ካርታ ነው። ሁለተኛ፦ ከሚኪያስ ጋር የሳልነው ነው። ሦስተኛ፦ ምንም አይደል፣ ጣለው። አራተኛ፦ አንድ ሽማግሌ ፎቶኮፒ ላስነሣ ብሎ አምጥቶ ረስቶት ሄደ።

አራተኛውን መረጥኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አጭር መስሎኝ።

ሐምሌ 10

ሽማግሌው ምን ይመስላል አለኝ። ቀጭን አልኩት። ጢሙ? ነጭ። ከወዴት መጣ? ከዋጃ በኩል መሰለኝ። ምን ይዞ ነበር? የፍየል ቆዳ ከረጢት።

ከረጢቱን ባልጨምረው ይሻል ነበር።

ሐምሌ 13

ካሳ እቤት መጣ። ካሳ ገመድ ጎታቹ ነው፤ ካሊድ ጉድጓድ ሲወርድ እሱ ከላይ ባልዲ ይስባል፣ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ክርስቲያን ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲዘፍን ድምፁ ከከርሠ ምድር ይመጣል። ሁለቱ ካርታው ላይ ተደፍተው አመሹ። ጣሊያን ሲወጣ ሊሸከመው ያልቻለውን ቀብሮ ሄዷል የሚለውን ወሬ እኮ እዚህ አገር ያልሰማ የለም። ሁሉም ሰው ሌላ ሰው ቆፍሮ ሊያገኘው ሲል ዘንዶ እንዳባረረው ያውቃል።

ማዕበሉ አያስቆማቸውም ወይ ብዬ ነበር። ደሴት መሆኑ ያስታውቃል። ካሊድ በጣቱ እየተከተለ «ይሄ ትልም ነው» አለ። የማሽላ ትልም። ካሳም እውነት ነው፣ ጣሊያን ዙሪያው እርሻ መሆኑን ማመልከቱ ነው አለ። ከሆርማት ዳር፣ ከእርሻው መሐል አንድ ያረጀ ሾላ አለ። እኔ አላውቀውም ነበር። ወላሂ አላውቀውም።

ካሳ ሲወጣ «ሀጁ፣ ወርቁ ሲወጣ ለዚያች ሆዳም ማሽንሽ የወርቅ ወረቀት ነው የማበላት» አለኝ። ካሊድ ሳቀ። ካሊድ ሲስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ነገ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 15

ዛሬ አልተመቸኝም። እንግዳ ነበር።

ሐምሌ 20

ጀመሩ። ለሰው ሲናገሩ ለገበሬው ውሃ እየፈለግንለት ነው ይላሉ። ለሚኪያስ ነገርኩት። መጀመሪያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀጥሎ «ባልሽ መቆፈሪያ ያለው ሰው ነው እኮ» አለኝ፤ እኔን ለማሳቅ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን አልሳቅሁም። ንገሪው አለኝ። ምን ብዬ? ከማን ጋር ሳልሽው ሲለኝስ? ሁለታችንም ስክሪኑን አየን። ወጥ ሠሪው ከምሽጉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። የነካነው ነገር ሁሉ እምቢ አለን።

ሐምሌ 27

ካሊድ ራት እየበላ ተናገረ፤ ሳይጠየቅ። አፈሩ ደለል ነው አለ። ወንዙ በየዘመኑ ያመጣው አሸዋ፣ እንደ ዱቄት የሚፈስ። እንዲህ ያለ ቦታ የአሥር ጉድጓድ ዋጋ ቢከፈለኝም አልገባም ነበር አለ። ታዲያ ለምን ገባህ? አልጠየቅሁትም። እሱ ግን መለሰልኝ፦ «ላንቺ ነው። አንድ ቀን ባሕር ማየት እፈልጋለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ጅቡቲ አደርስሻለሁ።»

መቼ ነው ያልኩት? በእንቅልፌ ይሆን?

ግድግዳውን በእንጨት ደግፉት አልኩት። ደግፈናል አለ።

ነሐሴ 2

የካሳ ሚስት ቆንጅት መጣች፤ የፍልሰታን ጾም ይዛለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ካሳ ቤት ሲገባ ጆሮው ውስጥ አሸዋ ነው አለችኝ። አንቺ ሽማግሌውን በዓይንሽ ያየሽው ነሽ፣ ሐቀኛ ይመስላል ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። ሐቀኛ ይመስላል አልኳት። ምን ልበላት። ስትወጣ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ለእኛ ለድሆቹ እግዜር ባንቺ በኩል አመጣው ብላ።

ማሚቴ ከማዶ እያየችን ነበር።

ነሐሴ 6

ሚኪያስ ወደ ደሴ ሄደ። እናቱ አመማት አለ። ሲዲውን ተወልኝ። ትመለሳለህ መሰለኝ አልኩት፤ መጠየቄ ይሁን መንገሬ እንጃ። የማውዙን ገመድ ሲጠቀልል ቆየ።

ማሽኗ ካልተበላሸች በቀር አንድ ወር አልጠራህም ልለው ነበር። ሳልለው ቀረሁ።

ነሐሴ 11

ብቻዬን እጫወታለሁ። እንግሊዝኛው ያዳግተኛል፤ የሚኪያስ ትርጉም ሲቀር ግማሹ ዝምታ ነው። ደሴቱ ግን ያው ደሴት ነው። ምሽት ነው፣ ጨረቃዋ ከውሃው ላይ አትነሣም፣ ማዕበሉ ቀስ ብሎ ይመጣል ይሄዳል። ዝናቡ ጠፍቶ ከተማው እንደ ምጣድ ሲግል እዚያ ገብቼ እቀመጣለሁ። ማንም አይጠይቀኝም። የፈለግሁትን ሞክሬ ካልሆነ ሌላውን እሞክራለሁ።

ዛሬ ወጥ ሠሪውን ሾላው ሥር አስቆፈርኩት። አፈሩ ተንዶ አንገቱ ድረስ ዋጠው። «እዚህ ታች ቀዝቀዝ ይላል» አለ፤ ይህችን እንግሊዝኛ ግን አላጣኋትም። ቀድሞ ቢሆን እስቅ ነበር። ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ በሩን ቆልፌ ሮጥኩ። እነካሊድ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ምን ሆንሽ አሉኝ። ውሃ ላመጣላችሁ ብዬ አልኩ። ውሃ አልያዝኩም።

ነሐሴ 17

ረመዳን ገባ። ካሊድ ጾሞ እዚያ ጉድጓድ ይወርዳል። አላህ ፊት ቆሜ ሱጁድ ስወርድ የማየው አፈር ነው።

ዛሬ ካፈጠርን በኋላ ነገርኩት። ሽማግሌ የለም አልኩት። ከረጢት የለም፣ ጣሊያን የለም፣ የጨዋታ ካርታ ነው። ተምሩን ከእጁ አላስቀመጠም፣ አልበላውምም። ነገ ታሳዪኛለሽ አለ።

ነሐሴ 18

ጠዋት ሱቅ መጣ። ከፈትኩለት። ወንበሩን ስቦ እንደ ተማሪ ተቀመጠ። ወንዙን አሳየሁት፣ ምሽጉን፣ ዛፉን። ካርታውን ከስክሪኑ አጠገብ ይዞ ሁለቱን አስተያየ።

«እዚህ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲናድበት ምን ይሆናል?»

«ይወጣል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጣቱን ካርታው ላይ አደረገ። ይሄ ጽሕፈት ያንቺ ነው፣ ይሄኛውስ? አለኝ። የሚኪያስ አልኩት። ሲቆጣ ብጠብቅ አልተቆጣም።

«በሩን ዘግታችሁ ነው የምትጫወቱት?»

«ገርበብ ነው የምናደርገው። ፀሐይዋ ስለምታስቸግር።»

«ገርበብ» አለ። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማው ሰው።

ነሐሴ 19

ካሊድ ለካሳ ከእንግዲህ አልቆፍርም አለው። ለምን? እዚያ ምንም የለም። በምን አወቅህ? ዝም። ካሳ እንዲህ ያለ ዝምታ አልለመደም።

ማታ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ብንለው እምቢ አለ። ሳቁ የለም። «ካሊድ፣ አብረን ስንት ጉድጓድ ወርደናል። ገመድህን ለቅቄብህ አውቃለሁ?» አለው። ካሊድ አታውቅም አለ። ታዲያ ለምን ብቻህን ልታወጣው ነው? አለ። ካሊድ ምሎ ተገዘተ። ካሳ ካርታውን ስጠኝ አለው። ሰጠው።

በሩን ስንዘጋ ካሊድ ወደ እኔ ዞሮ «ልንገረው?» አለኝ።

ካሳ ለቆንጅት ይነግራል። ቆንጅት ከማሚቴ ጋር ቡና ትጠጣለች። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ጾሙ ሲወጣ፣ ለዒድ፣ ሁላችንም ደስ ሲለን ቀስ ብለን እንነግረዋለን አልኩ። ካሊድ መብራቱን አጠፋው።

ብቻውን እንደማይቆፍር እርግጠኛ ነበርን። ጉድጓድ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ነሐሴ 22

ካሳ መሰላል ገዛ አሉ። ብቻውን ይወርዳል፣ ባልዲውን ራሱ ተሸክሞ ይወጣል።

ካሊድ ቀን ቀን ሾላው ድረስ ሄዶ ከሩቅ ቆሞ ይመለሳል። አላናገርኩትም ይላል። ዛሬ እንደገና ጠየቀኝ፤ አንድ ቃል ነው ሀጁ አለኝ። ራሴን አመመኝና ተኛሁ።

ነሐሴ 26

ቆቦ ላይ ጠራራ ፀሐይ። በምዕራብ ተራራው ጠቁሮ ዋለ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ከላይ ጥሏል፣ ሆርማት እየመጣ ነው የሚል ጩኸት ከመንደር መንደር ወረደ። ገበሬው ጎርፉን ወደ ማሳው ሊጠልፍ አካፋውን ይዞ ተነቀለ፤ እንደ ሠርግ ነው። ማሚቴ ከሱቋ ወጥታ እልል አለች። እኔንም እጄን ይዛ አዞረችኝ። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ ምነው ደረቅሽ አለችኝ።

ካሊድን አየሁት። ሁሉም የሚስቅበት መንገድ ላይ እሱ ብቻ ሳይስቅ ወደ ሾላው ይሮጣል።

ነሐሴ 26፣ ማታ

ካሊድ አልመጣም።

መጣ። ጭቃ ነው። ሾላው ብቻ ቆሟል አለ። ጉድጓዱ የት ጋ እንደነበረ አይታወቅም፤ ወንዙ ደልድሎ ሜዳ አድርጎታል።

ነሐሴ 27

ካሳን በአካፋ አወጡት። የቆፈረው ካሊድ ነው፤ ሌላ ሰው አላስነካም። ቦታውን በመሰላሉ ጫፍ አወቁት።

ነሐሴ 29

ሠልስቱ ዛሬ ነው። ድንኳኑ እስላሙም ክርስቲያኑም ሞልቶበታል። ማሽላው ቀና ብሏል። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ፣ ካሳ ነፍሱን ይማረውና ዝናቡን ይዞልን መጣ ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ዝም በይ አለቻት።

ቆንጅት ከመሐል አስጠራችኝ። ፊቷን ነጭታ ቆስላለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ካርታውን ከጉያዋ አወጣች፤ ጠዋት ሲወጣ ትራሱ ሥር ትቶት ነበር አለች።

«ሀጁ፣ ያን ሽማግሌ መልኩን ንገሪኝ። ለፖሊስ አይደለም። አጠገቡ ቆሜ አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።»

ማሚቴ ከፊታችን ናት። ቀጭን ነው አልኳት። ጢሙ ነጭ ነው። ከዋጃ በኩል ነው። እዚያ ላይ አቆምኩ፤ ቆንጅት ግን እጄን አልለቀቀችም። ሌላስ? ሌላስ ምልክት የለውም? ትለኛለች።

ካሊድ ከወንዶቹ በኩል ተነሣ። መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ፤ ቆፍሮበት የቆሰለውን መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎታል። እኔን አላየኝም።

«እኔም አይቼዋለሁ ቆንጅት» አላት። «የቀኝ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ሲሄድ ትንሽ ያነክሳል። እፈልግልሻለሁ፣ ወላሂ።»

ቆንጅት እጁን ሳመችው።

ስለ ዓይኑ እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እሱን የጨመረው ካሊድ ነው።